ኮፍያና ዝናብ ብቻ አይበቃም፦ የምር የሚያስመረምር ጌም እንዴት ይገኛል?

ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ ገብታችሁ «ኑዋር» ብላችሁ ፈልጉ። ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። ዝናብ አለ፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ የደፋ ሰውዬ አለ፣ የሲጋራ ጭስ አለ፣ ከጀርባ ሳክስፎን ያላዝናል። አንዱን ገዝታችሁ ስትከፍቱት ተኩስ ነው። ሁለተኛው የተዝረከረከ ክፍል ሥዕል ፊታችሁ ዘርግቶ መቀስና ጃንጥላ ፈልጉ እያላችሁ ያመሻል። ሦስተኛው ከዳር እስከ ዳር ቀልድ ነው። ሰው ተገድሎ፣ እናንተ ፍንጭ ለቅማችሁ፣ ቃል ተቀብላችሁ፣ አውጥታችሁ አውርዳችሁ፣ መጨረሻ ላይ አንዱን «አንተ ነህ» የምትሉበት ጌም ግን የውሃ ሽታ ይሆናል።

ጌሙ ጠፍቶ አይደለም፤ ሞልቷል። የሚያስቸግረው «የኑዋር መርማሪ አድቬንቸር» ስንል በአንድ ትንፋሽ ሦስት ነገር መጠየቃችን ነው። ኑዋር ድባብ ነው፤ የታሪኩ መንፈስ። ምርመራ ሥራ ነው፤ ተጫዋቹ በጭንቅላቱ የሚሠራው። አድቬንቸር ደግሞ አጨዋወት ነው፤ እየዞሩ፣ እየነካኩ፣ እያወሩ ታሪክ ውስጥ መግባት። ሦስቱም የተሟሉበት ጌም በጣት የሚቆጠር ነው። አብዛኛው ሁለቱን ይዞ ሦስተኛውን ይጥላል፣ ሻጩ ግን ሦስቱንም ስም ለጥፎ ያቀርብላችኋል። ስለዚህ ከመፈለጋችሁ በፊት ከሦስቱ የትኛው ቢጎድል እንደማትናደዱ ለራሳችሁ ወስኑ። ያለዚያ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ድባቡ

ኑዋር በ1940ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች ላይ መልክ የያዘ ነገር ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ረጃጅም ጥላ፣ ሌሊት። መልኩን መቅዳት ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይቀዳዋል። የሚከብደው ውስጡ ነው። በእንዲህ ዓይነት ታሪክ መርማሪው ራሱ ንጹሕ አይደለም። ይጠጣል፣ ዕዳ አለበት፣ ድሮ የከዳው ሰው አለ። ከተማው ከላይ እስከ ታች በስብሷል፤ ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ ባለ ሀብቱም የሚደብቁት ነገር አላቸው። እውነቱ መጨረሻ ላይ ይወጣል፣ ነገር ግን ማንንም አያድንም። ይህ ከሌለ ዝናቡ ጌጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «የምር የሆነ» ሲባል ፊቱን ያኮሳተረ ማለት ይመስለዋል። የ1998ቱን «ግሪም ፋንዳንጎ» እዩ። ገጸ ባሕርያቱ አፅሞች ናቸው፣ የሚኖሩት በሙታን አገር ነው፣ ጨዋታቸው ያስቃል። ታሪኩን ግን ልብ ብላችሁ ስትከተሉት ጉቦ፣ ክህደት፣ የተሰረቀ ዕድልና የዓመታት ፀፀት ነው። በ2020 የወጣው «ቺክን ፖሊስ» ደግሞ የዶሮ ጭንቅላት ያላቸው ሁለት ፖሊሶች በጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ስታዩት ትስቃላችሁ፣ ትንሽ ከቆያችሁ በኋላ ግን ጭንቅላታቸው ዶሮ መሆኑን ትረሱታላችሁ። በተቃራኒው ከ1989 ጀምሮ የቀጠለው የ«ቴክስ መርፊ» ተከታታይ ኮፍያውም ካፖርቱም አለው፣ ግን ጀግናው ራሱ የሚሳቅበት ሰው ነው። እኔ እወደዋለሁ። የምር ጌም ፈልጎ ለመጣ ሰው ግን መጀመሪያ አልሰጠውም።

የድባብ ነገር ከዚህ በላይ ብዙ አያደክምም። የጌሙን ማስታወቂያ ቪዲዮ ሁለት ደቂቃ አይታችሁ ድባቡን ትለዩታላችሁ። ምርመራው ግን በቪዲዮ አይታይም፤ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለውም እዚያ ላይ ነው።

ምርመራው፦ እንድትሳሳቱ ይፈቅዳል ወይ?

አንድ የመርማሪ ጌም የምር መሆኑን የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው። ብሳሳት ምን ይፈጠራል? መልሱ «ምንም፤ እስክታገኘው ድረስ ይጠብቅሃል» ከሆነ፣ መርማሪው ጌሙ ነው፤ እናንተ ተመልካች ናችሁ።

የተለመደውን አሠራር ታውቁታላችሁ። ክፍል ውስጥ ትገባላችሁ፣ አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ዓለሙ ሰማያዊ ሆኖ ፍንጮቹ ያበራሉ። እያንዳንዱን ትነካላችሁ። ጀግናው «አሃ፣ ገዳዩ ግራኝ ነው» ይላል። እናንተ ምን ሠራችሁ? ምንም፤ አምስት ቦታ ነካችሁ። በ2024 የወጣው «ኖባዲ ዎንትስ ቱ ዳይ» ለምሳሌ በ2329 የኒው ዮርክ ሰማይ ላይ የሚበሩ መኪናዎችና የማያባራ ዝናብ ይዞ ዓይን ያፈዛል፣ ምርመራው ግን እጃችሁን ይዞ ከፍንጭ ወደ ፍንጭ ይወስዳችኋል። በውበቱ ከተደሰታችሁ ጥሩ ነው። ጉዳዩን እኔ ፈታሁት ለማለት ግን አፍ ያስይዛል።

መሃል ላይ የቆመው «ኤል.ኤ. ኑዋር» ነው። በ2011 የወጣ፣ ታሪኩ በ1947ቷ ሎስ አንጀለስ የሚካሄድ። የተዋናዮቹ ፊት በ32 ካሜራ ተቀርጾ ስለገባ ሰው ሲዋሽ ዓይኑ ሲሸሽ፣ ምራቁን ሲውጥ ታያላችሁ። ቃል ስትቀበሉ ሦስት ምርጫ አላችሁ፤ ማመን፣ መጠራጠር ወይም ውሸታም ማለት። ውሸታም ካላችሁ ማስረጃ ማቅረብ አለባችሁ። ከተሳሳታችሁ ምስክሩ አፉን ይዘጋል፣ ያ መረጃ ይቀርባችኋል፣ ጉዳዩ ግን ይቀጥላል። ሐሳቡ ግሩም ነው። አፈጻጸሙ ላይ ግን «እጠራጠራለሁ» የሚለውን በለሆሳስ መስሏችሁ ስትጫኑ ጀግናው አንዳንዴ ምስክሯ ላይ ሲጮህ ደንግጣችሁ ትቀራላችሁ። አንድ ምክር፦ ፍንጭ አጠገብ ስትደርሱ የሚሰማውን ድምፅ ከቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት። ጥቁርና ነጭ ማድረጊያም አለው። ድምፁ ከጠፋ በኋላ ጌሙ ሌላ ጌም ነው፤ ጠርሙሱን ሁሉ ራሳችሁ እያነሳችሁ ማየት አለባችሁ።

የምር ወደሚያስቡበት ስንመጣ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው «ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን» ነው። ሉካስ ፖፕ የተባለ ሰው የሠራው፣ በ2018 የወጣ። ኑዋር አይደለም፣ የመርከብ ታሪክ ነው። ዘመኑ 1807 ነው። ባዶዋን የተመለሰች መርከብ ላይ የምትወጡት የኢንሹራንስ መርማሪ ሆናችሁ ነው። 60 ሰው ነበረባት። የእያንዳንዱን ስም፣ ምን እንደደረሰበት፣ ከተገደለም ማን እንደገደለው በአንድ መዝገብ ላይ መሙላት አለባችሁ። በእጃችሁ ያለችው ሰዓት አስከሬን አጠገብ ስትከፈት ሰውየው የሞተባትን ቅጽበት አስቁማ ታሳያችኋለች። ያቺን የቆመች ቅጽበት ውስጥ ገብታችሁ ትዞራላችሁ። ማን የማን ወዳጅ ነበር? ማን በምን ዘዬ ይናገራል? ማን የየትኛውን የሥራ ክፍል ልብስ ለብሷል? አንዷን ብቻ ላሳያችሁ። መርከበኞቹ የሚተኙባቸው የተንጠለጠሉ አልጋዎች ላይ ቁጥር አለ፤ ስም ዝርዝሩም ላይ ቁጥር አለ። ይህንን ማንም አይነግራችሁም። አንድ ቀን ከእንቅልፉ የሚነሳ ሰው እግር አጠገብ ቁጥሩን አይታችሁ ከወንበራችሁ ትነሳላችሁ።

ብልሃቱ ደግሞ ማረጋገጫው ላይ ነው። ጌሙ መልሳችሁ ትክክል መሆኑን የሚነግራችሁ ሦስት ሰዎችን በትክክል ስትሞሉ ብቻ ነው። አንድ ሰው ላይ እየቀያየሩ መገመት አያዋጣም። የመርማሪ ጌም ሠሪዎች ሁሉ የሚታገሉት ከዚህ ጋር ነው፤ ተጫዋቹ ሳያስብ ሁሉንም አማራጭ ሞክሮ እንዳያልፍ። አምስት ተጠርጣሪ ካለና አምስት ጊዜ መሞከር ከተፈቀደ፣ ምርመራ አይደለም፤ ሎተሪ ነው።

ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ የፈታው በ2022 የወጣው «ዘ ኬዝ ኦፍ ዘ ጎልደን አይዶል» ነው። ከግድያው ቅጽበት የቆመ ሥዕል ይሰጣችኋል። ኪስ ትበረብራላችሁ፣ ደብዳቤ ታነባላችሁ፣ ከዚያ የሰበሰባችኋቸውን ስሞችና ግሦች ክፍት ቦታ ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትሰኳላችሁ። «እገሌ እገሌን በዚህ ዕቃ ስለዚህ ምክንያት ገደለው።» ብዙ ክፍት ቦታ ስላለ ገምቶ ማለፍ ከባድ ነው። ሥዕሎቹ አስቀያሚዎች ናቸው፣ እየቆያችሁ ግን ትለምዷቸዋላችሁ።

«ኸር ስቶሪ» ደግሞ የ2015 ሥራ ነው። ሳም ባርሎው የተባለ ሰው የሠራው። ፊታችሁ ያለው የፖሊስ ኮምፒውተር ብቻ ነው። በ1994 አንዲት ሴት በሰባት ጊዜ የሰጠችው ቃል በቪዲዮ ተቀርጿል፣ ቪዲዮው ግን ተቆራርጦ ገብቷል። የፍለጋ ሳጥን ላይ ቃል ትጽፋላችሁ፤ ሴትየዋ ያንን ቃል የተናገረችባቸው ቁራጮች ይመጣሉ። ግን የመጀመሪያዎቹን አምስት ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ስለዚህ «ባሌ» ብላችሁ ብትፈልጉ መጀመሪያ የተናገረችውን እንጂ መጨረሻ ላይ ያፈረጠችውን አታገኙም። የኋለኛውን ለማግኘት የኋለኛውን ቀን ብቻ የሚመለከት ቃል ማሰብ አለባችሁ። ያ ማለት ሴትየዋን መስማት ማለት ነው። ቁልፍ የለም፣ በር የለም፣ የሚነካ ዕቃ የለም። መጨረሻ ላይ «ፈታኸው» የሚላችሁም የለም። አንዳንዱን ሰው ይህ ያበሳጨዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ጌሙን ጌም ያደረገው እሱ ነው።

ስህተትን ወደ ታሪኩ ያስገቡም አሉ። በ2014 የወጣው «ሼርሎክ ሆምስ፦ ክራይምስ ኤንድ ፐኒሽመንትስ» ስድስት ጉዳይ አለው። በእያንዳንዱ ላይ ፍንጮቹን አያይዛችሁ ድምዳሜ ላይ ትደርሳላችሁ፤ የተሳሳተ ሰው ከሰሳችሁም ጌሙ ዝም ብሎ ይቀጥላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው በእናንተ እጅ ይፈጸማል ማለት ነው። ካለቀ በኋላ ትክክል መሆናችሁን ማየት ትችላላችሁ፤ የምትደፍሩ ከሆነ ሳታዩ ቀጥሉ። «ላምፕላይት ሲቲ» የተባለው የ2018 ጌም ከዚህም ይብሳል። ምስክሩን በአነጋገራችሁ ካስቀየማችሁት ዳግም አያናግራችሁም፣ ጉዳዩም ሳይፈታ ሊቀር ይችላል። መርማሪው አንገቱን ደፍቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቀድማችሁ ያስቀመጣችሁትን ጨዋታ (ሳቭ) ከፍታችሁ ለማስተካከል እጃችሁ ይበላችኋል። ተዉት፤ ሽንፈት የሌለበት ኑዋር የለም።

አንድ ደግሞ ለብቻው የሚቆም አለ፣ «ሻዶውስ ኦፍ ዳውት»። መጀመሪያ በ2023 ሳያልቅ ለሽያጭ ቀርቦ በ2024 ተጠናቅቆ ወጣ። ጌሙ ከተማውን ራሱ ይፈጥረዋል። እያንዳንዱ ነዋሪ ስም፣ ሥራ፣ ቤት፣ የጣት አሻራ፣ የሚተኛበትና የሚወጣበት ሰዓት አለው። ግድያ ይፈጸማል። ማንም ምንም አይነግራችሁም። አሻራ ታነሳላችሁ፣ የደኅንነት ካሜራ ቅጂ ትፈትሻላችሁ፣ ሰው ሳያያችሁ የሰው ቤት ሰብራችሁ ትገባላችሁ፣ ያገኛችሁትን ሰሌዳ ላይ ሰክታችሁ በክር ታያይዛላችሁ። እንዲህ ያለ ነፃነት ሌላ ቦታ አላየሁም። ታሪኩን ግን የጻፈው ሰው አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ነው፤ ስለዚህ ገዳዩን ስታገኙት የሚያንገበግብ ምክንያት አትጠብቁ። ምርመራ ሞልቶ ታሪክ ሲሳሳ እንዲህ ነው።

«ዲስኮ ኤሊዚየም»፣ ለብቻው

ይህኛው ራሱን የቻለ ክፍል ይገባዋል። በ2019 ወጣ። በ2021 ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ድምፅ ተሰጥቷቸው እንደገና ቀረበ። ጽሑፉ ከአንድ ሚሊዮን ቃል በላይ ነው።

የምትነቁት የተተራመሰ የሆቴል ክፍል ወለል ላይ ነው። ስማችሁን አታውቁም። ፖሊስ መሆናችሁንም አታውቁም። ከሆቴሉ ጀርባ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ሰው አለ፤ ቀናት አልፈውታል፣ ማንም አላወረደውም፣ ሊያወርድ የተላከው ሰው ደግሞ እናንተ ናችሁ። አብሯችሁ የሚመደበው ኪም ኪትሱራጊ የተባለ የሌላ ጣቢያ መርማሪ ነው። ትዕግሥቱ ያስገርማል።

የጌሙ ዋና ፈጠራ 24ቱ ችሎታዎች ናቸው። ሎጂክ፣ ርኅራኄ፣ ድራማ፣ የሰውነት ጥንካሬ እና ሌሎቹም ጭንቅላታችሁ ውስጥ እንደ ሰው ያወራሉ። ይጣላሉ። ይመክሯችኋል፣ አንዳንዴም አሳስተው ገደል ይከቷችኋል። አንዱን ችሎታ ብዙ ካሳደጋችሁት ድምፁ ከሁሉም በላይ ይሆንና ያልሆነውን ሁሉ ያሳምናችኋል። ከባድ ነገር ስትሞክሩ ዕድላችሁን የሚወስኑ ሁለት ዳይስ ይጣላሉ። ብትወድቁ ጌሙ አይቆምም፤ ብዙ ጊዜ መውደቁ ከማለፉ የበለጠ ታሪክ ይዞ ይመጣል።

ምን ያህል የምር እንደሆነ ለማየት መጀመሪያዋን ክፍል ብቻ እንይ። ጣሪያው ላይ የሚዞረው ማራገቢያ ላይ ክራባታችሁ ተሰቅሏል። ሰውነቱ ደካማ የሆነ ገጸ ባሕርይ ፈጥራችሁ ክራባቱን ለመያዝ እጃችሁን ስትዘረጉ ልባችሁ ቆሞ ልትሞቱ ትችላላችሁ። ከክፍሉ ሳትወጡ፣ አስከሬኑን ሳታዩ ጌሙ አለቀ። ይሄ ቀልድ ነው፣ ግን ደግሞ አይደለም፤ ራሱን በመጠጥ ስለጨረሰ ሰውነት ነው የሚያወራው።

አሁን ማስጠንቀቂያው። ፍንጭ ደርድራችሁ፣ አስልታችሁ ገዳዩን ለይታችሁ ለመያዝ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ይሄ ያ ጌም አይደለም። ጉዳዩ ይፈታል፣ የሚፈታበት መንገድ ግን ከስሌት ይልቅ ከሰዎች ጋር ከምታወሩት ነው። ከድባብ አንፃር ግን በኮምፒውተር ከተሠሩት ሁሉ ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ማንበብ የሚሰለቻችሁ ከሆነም በጊዜ እወቁት፤ እናንተ አልማችሁ የምትተኩሱበት ጨዋታ ይመጣል ብላችሁ ብትጠብቁ አይመጣም።

አሮጌዎቹን አትናቁ

የመርማሪ ጌም ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በ1982 የወጣው «ዴድላይን» ሥዕል እንኳ የለውም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ ጌሙ ይመልሳል። በጌሙ ሰዓት 12 ሰዓት ተሰጥቷችሁ ነው ጉዳዩን የምትፈቱት፤ ሳጥኑ ውስጥም የምርመራ ወረቀቶችና ፎቶ አብረው ይሸጡ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ እናንተን አይጠብቁም፣ የራሳቸውን ቀን ይኖራሉ። ከ40 ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ብዙ ጌም የማይሠራው ነገር ነው።

ከአሮጌዎቹ ለዚህ ዓይነት ፈላጊ ቀድሜ የምጠቁመው የ1997ቱን «ብሌድ ረነር» ነው። በዚሁ ስም የሚታወቀውን ፊልም አይደግምም፤ በዚያው ከተማ ውስጥ ሬይ መኮይ የተባለ ሌላ መርማሪ ይዞ የራሱን ጉዳይ ይከፍታል። ሰው መሳይ ሰው ሠራሽ ፍጡራንን እያደናችሁ ነው። ጨዋታውን በጀመራችሁ ቁጥር ከገጸ ባሕርያቱ የተወሰኑት ሰው ይሁኑ ሰው ሠራሽ ጌሙ በዕጣ ይወስናል። ጓደኛችሁ ተጫውቶ «እገሌ ሰው አይደለም» ቢላችሁ በእናንተ ጨዋታ ሰው ሊሆን ይችላል። ፎቶ ውስጥ እየገባችሁ፣ እያጎላችሁ ከመስተዋት ነጸብራቅ ፍንጭ ታወጣላችሁ። ሰው ወይስ ማሽን የሚለይ የጥያቄ ፈተና ታደርጋላችሁ፤ ብዙ ከገፋችሁ ተፈታኙ ያብዳል።

ችግሩ እንዲህ ያሉ ጌሞች የዛሬ ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አይነሱም። የተሠሩት ለዚያ ዘመን ማሽን ነው። ለዚህ መድኃኒቱ «ስከም ቪኤም» የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። የጌሙን ፋይሎች ታስገቡለታላችሁ፣ እሱ ደግሞ ጌሙን ያንቀሳቅስ የነበረውን የድሮ ፕሮግራም ተክቶ ያስነሳቸዋል። የ«ብሌድ ረነር» የመጀመሪያ ኮድ ጠፍቶ ስለነበር «ስከም ቪኤም»ን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ጌሙን ፈትተው እያጠኑ ከሥሩ መልሰው ጻፉት፤ በ2019 ከሽኖ ወጣ። በዚያው ዓመት «ጎግ» በሚባለው መሸጫ ላይም በዚሁ መንገድ ለሽያጭ ቀረበ። በ2022 «የተሻሻለ» ተብሎ የወጣው ቅጂ ግን ብዙ ነቀፋ ገጥሞታል፤ እኔም ብትጠይቁኝ የመጀመሪያውን ውሰዱ እላለሁ።

«ጎግ» ለአሮጌ ጌም የሚመረጥበት ምክንያት አለው። ጌሙን ለዛሬ ማሽን አሰናድቶ ነው የሚሸጠው፣ አንዴ ካወረዳችሁት በኋላም ያለ ኢንተርኔት የሚጫን ፋይል ይሆንላችኋል። ከማይታወቅ ገጽ «ነፃ ነው» ተብሎ የሚወርደውን ተዉት፤ ቫይረሱ ከጌሙ ቀድሞ ይነሳል።

ከድሮ ጌም ጋር ስትገናኙ አንድ ነገር ልመዱ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ነጥብ የምታክል ቁልፍ ፈልጋችሁ ካላነሳችሁ ታሪኩ ንቅንቅ አይልም። ይሄ የዘመኑ በሽታ ነው። የናንተ ድክመት አይደለም፤ ሳታፍሩ መፍቻ እዩ።

ላፕቶፕህ ደካማ ነው?

ደስ የሚለው ነገር የዚህ ዓይነት ጌም ከባድ ማሽን አይጠይቅም። «ኸር ስቶሪ» ቪዲዮ ማጫወት የቻለ ላፕቶፕ ሁሉ ላይ ይሠራል ማለት ይቻላል። በ2011 የወጣው «ጄሚናይ ሩ» ሆን ተብሎ በድሮ ሥዕል የተሠራ ነው፤ ዝናብ የማይቆምበት ፕላኔት ላይ የሚዞር የቀድሞ ነፍሰ ገዳይ ፖሊስ ሆናችሁ ነው፣ ኑዋሩም የምር ነው። ጥቂት ተኩስ አለው፣ አትደንግጡ። «ኤ ኬዝ ኦፍ ዲስትረስት» የ2018 ነው፤ በ1924ቷ ሳን ፍራንሲስኮ የምትሠራ ሴት የግል መርማሪ። ሥዕሉ ጥላ ብቻ ነው፣ ሥራው ደግሞ የተናገሩትን ካገኛችሁት ማስረጃ ጋር ማጋጨት። አጭር ነው፣ በሁለት ምሽት ያልቃል። ማሽን የሚያስጨንቃችሁ «ሻዶውስ ኦፍ ዳውት» ነው፤ መቶ ሰው የሚኖርበትን ከተማ በአንዴ ማንቀሳቀስ ያደክመዋል።

አፈላለጉ

ስቲም ላይ ታግ፣ ማለትም የጌሙን ዓይነት የሚናገር መለያ ቃል፣ የሚለጥፈው ሻጩ ብቻ አይደለም፣ ተጫዋቹም ጭምር ነው። ለዚህ ነው «ማክስ ፔይን» ዓይነት የተኩስ ጌም «ኑዋር» ሥር የምታገኙት። ተሳስተው አይደለም፤ ድባቡ በእርግጥ ኑዋር ነው፣ ምርመራው ግን የለም። ስለዚህ በአንድ ታግ አትፈልጉ። «ኑዋር»፣ «መርማሪ» እና «ምርመራ» የሚሉትን ሦስቱን በእንግሊዝኛ ስማቸው አንድ ላይ ምረጡ። ከዚያ ደግሞ የማትፈልጉትን አስወጡ፤ ፍለጋው ላይ ታግ ማግለል ይቻላል። ተኩሱን፣ የተደበቀ ዕቃ ፍለጋውንና ቀልዱን ስታወጡ ዝርዝሩ ወዲያው ይሳሳል። የቀረው ነው የሚታየው።

ከዚያ ሪቪው፣ የተጫወቱት ሰዎች የጻፉት አስተያየት። የሚያሞግሱትን ዝለሉና የሚያማርሩትን አንብቡ። ምሬት ብዙ ይናገራል። «ወዴት እንደምሄድ አይነግርም፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ» ብሎ የተቆጣ ሰው ካገኛችሁ ለእናንተ የሚሆነውን ጌም ጠቆማችሁ ማለት ነው። «ከታሪኩ ጋር ተንሳፈፍኩ፣ ምንም አላስቸገረኝም» ያለው ደግሞ ሳያውቅ አስጠነቀቃችሁ። «ምርጫዬ ምንም አልለወጠም» የሚለው ቅሬታ ግን ብዙ አያስጨንቃችሁ። በ2013 የጀመረው «ዘ ዎልፍ አመንግ አስ» ላይ ይህ ብዙ ይባላል፣ እውነትም ነው፣ ግን የዚያ ጌም ድባብና ንግግር ያንን ይክሳል።

ከገዛችሁም በኋላ አልረፈደም። ስቲም በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት ገንዘባችሁን ይመልሳል። «ጎግ» ደግሞ እስከ 30 ቀን ይሰጣል። የመጀመሪያዋን ሰዓት ለፈተና ተጠቀሙባት፤ ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ። ተሳስታችሁ ክሰሱ፣ የማይረባ ማስረጃ አቅርቡ፣ ከሚገባው ቀድማችሁ ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ። ጌሙ «እርግጠኛ ነህ? እዚህ ገና ያላየኸው አለ» እያለ ከመለሳችሁ ማን እየመረመረ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ስትጣበቁ ምን ታደርጋላችሁ? ቪዲዮ አትክፈቱ። ዩቲዩብ ላይ የጌሙን ስም ስትጽፉ ገና ርዕሱ ላይ ገዳዩን ይነግራችኋል። ለአሮጌዎቹ «ዩ ኤች ኤስ» የሚባል የፍንጭ መድረክ አለ፤ ጥያቄያችሁን መርጣችሁ ስትገቡ መጀመሪያ ትንሽ ጥቆማ፣ ካልበቃችሁ ሌላ፣ መልሱን መጨረሻ ላይ ብቻ ይሰጣል። ለአዲሶቹ ጨርሶ የተጫወተ ሰው ካወቃችሁ «ምን ላድርግ?» አትበሉት፤ «ማየት ያለብኝን ሁሉ አይቻለሁ ወይስ ያላየሁት አለ?» በሉት። አይታችሁ ከሆነ ተመልሳችሁ አስቡ። ካላያችሁ ደግሞ ተመልሳችሁ ፈልጉ።